ያረጋል ምን ተጫምቶ ሞተ?

የያረጋል አስከሬን የተገኘው በመተማ ዮሐንስ ዳር ባለው በራሱ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። የዓመቱ ሰሊጥ ተጭኖ ካለቀ ሰንብቷልና መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ ጥግ ላይ ከተቆለለው ጆንያና መሀል ላይ ከተገተረው የብረት ሚዛን በቀር ልስልሱ የሲሚንቶ ወለል ወና ነው። ከአስከሬኑ ጎን መሰላል ወድቋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የጣራ ቆርቆሮ ሊያጠብቅ ወጥቶ ወደቀ ብሎ ተቀብሎታል።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ግን አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ደሙ ያለው ከሚዛኑ እግር ሥር ነው። የመሰላሉ መርገጫዎች ላይ ያለው አቧራ እግር አልነካውም። ከሁሉ በላይ ዐይኗን የያዘው ግን የሟቹ እግር ነበር። ሰንደል ተጫምቷል፤ ከሰንደሉ ውስጥ ደግሞ እስከ ባቱ የሚደርስ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጓል።

«ፈረደ፣» አለች ረዳቷን፣ «መተማ ውስጥ በግንቦት የሱፍ ካልሲ የሚያደርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ኮንስታብል ፈረደ ላቡን እየጠረገ አላየሁም አላት። ካልሲውን ዝቅ ስታደርገው ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ሰፊ ነገር ጨምቆት የቆየ ምልክት አገኘች። ትንሿ ጣቱ ላይ ደግሞ ውኃ ቋጥሮ የዳነ ቁስል ነበር። ሰንደሉንም አየችው። ማሰሪያው ዘወትር የሚያዝበት ቀዳዳ ሰፍቶ አርጅቷል፤ አሁን የተቆለፈው ግን ባልሰፋው ቀዳዳ ነው። ሰውየው ሰንደሉን ራሱ አላጠለቀውም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዘበኛውን ደረበን ነበር። ሽማግሌው ዐይናቸውን ከመሬት አላነሡም። አሠሪያቸው አመሻሹ ላይ ይመጡና በሩን ከውስጥ ዘግተው፣ እሳቸውን ከግቢው በር ላይ እንዲቀመጡ ያዝዟቸው እንደነበር ተናገሩ። ምን ይሠሩ ነበር ስትላቸው ወደ ግቢው በር ዞር አሉ።

«አባቴ፣ ሰው ሞቷል።»

«የጎማ ድምፅ ይሰማል» አሉ በመጨረሻ። «ልጆች የሚነዱት ያ ባለ ጎማ ጫማ አለ አይደል? እሱን ይለማመዱ ነበር። ለሰው እንዳትናገር ብለው አስምለውኛል።»

ፈረደ ሳቁ አመለጠው። የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ የሦስት ትራክተር ጌታ፣ መጋዘን ዘግቶ እንደ ልጅ ሲንሸራተት ታየው። ሰርካለምም ፈገግታዋ ሊያመልጣት ሲል ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷን አዞረች፤ አፈረች። ሰውየው በሩን የዘጋው ከዚህ ከእሷ ዓይነት ፊት ተሸሽጎ ነው።

እንዲህ ያለ ጫማ በከተማው የምትሸጠው ዘሀቢያ ብቻ ነበረች። ብዙ ዘመን ካርቱም ኖራ፣ ጦርነቱ ሲነሣ ወደ መተማ የተመለሰች ነጋዴ ናት። ኢንስፔክተሯን ስታይ ሱቋን ዘግታ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ሰው ሁሉ መሰላሉ ነው ቢልም፣ ያረጋልን የገደለው የእኔ ዕቃ ነው ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ማደሯ ከፊቷ ያስታውቃል።

እንደ ነገረቻት፣ ያረጋል መጀመሪያ የገዛው ቀይ ጫማ ነበር። በገበያ ቀን፣ ሰው እያየው፣ ለልጅ የሚገዛ መስሎ፣ ሳይሞክረው አንሥቶ ሄደ። ከተማው ግን ለራሱ መሆኑን ደርሶበት ሳቀበት። ጫማውም ጠቦት ጣቱን አቆሰለው። በሌላ ቀን በጓሮ በር መጣና ቀዩን መልሶ፣ እያፈረ፣ የሚመቸውን እንድትመርጥለት ለመናት።

«ልጄ ካርቱም ይህን ጫማ መንዳት ስትማር አይቻለሁ» አለች ዘሀቢያ። «ለጀማሪ ዋናው ምቾቱ ነው። በምትነዳበት ካልሲ ለካው አልሁት፤ ወፍራሙን ካልሲ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ዳበስ ያድርግ፤ ጉልበትህን ስታጥፍ ግን ይልቀቅ። ተረከዝህ ከተነሣ ሰፍቶሃል፣ ጣትህ ከታጠፈ ጠቦሃል። ቁርጭምጭሚትህን ደግሞ ጠንክሮ ይደግፍህ አልሁት። ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጦ ስንቱን ሞከረ! በመጨረሻ ጥቁሩን ሲያጠልቅ ፊቱ በራ። ‹እግሬ ከቤቱ ገባ› አለኝ።»

«ጥቁሩን ሲወስድ ማን አየ?»

«ማንም። በጆንያ ጠቅልሎ ነው የወጣው።»

«ጎማው ሊወልቅ ይችላል?»

«ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ አጥብቄያለሁ። በእጅ አይፈታም።» ከዚያ ዐይኗን ጠረገች። «ለምን ፈለግኸው ብዬ ጠይቄው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው እርሻ ላይ ስቆፍር ኖሬ ሳልጫወት አረጀሁ አለኝ።»

ሰርካለም ከዚያ ወንድማገኝን አስጠራች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትራክተሮቹን የሚጠግን፣ በወንድሙ ኑሮ የሚኮራ ሰው። ስለ ጫማው ስታነሣበት ፊቱ ጠቆረ። ሁለቱ በዚህ ነገር መጣላታቸውን አልካደም። የያረጋልን ልጅ ለማጨት ከሳንጃ ሽማግሌዎች ሊመጡ ቀጠሮ ተይዞ ነበርና፣ ወሬው ቀድሞ እንዳይደርሳቸው ፈርቶ እንደ መከረው ነገራት።

«ጫማውን አይተውታል?»

«በዐይኔ አላየሁም፤ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት። ግን ትልቅ ሰው ያን ጥቁር ነገር እግሩ ላይ ቆልፎ ሲንገዳገድ፣ ኢንስፔክተር፣ ለቤተሰቡ ምን ይተርፈዋል?»

እሷም አመስግናው ተነሣች።

የሟቹ ሚስት አሰበች ቀብሩ እስኪያልፍ ድረስ የመሰላሉን ነገር አልለቀቀችም። ከቀብር ሲመለሱ ሰርካለም ብቻዋን አገኘቻትና ስለ ሰንደሉ ቀዳዳ ቀስ ብላ ነገረቻት። አሰበች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያም ወደ ጎተራው ወስዳ ከማሽላው ውስጥ ሁለት ጥቁር ጫማዎች አወጣች። አራት አራት ጎማ በአንድ መስመር ተደርድሮባቸዋል፤ የግራው የፊት ጎማ ግን የለም።

«ለራት ልጠራው ሄጄ በሩን ገፋ ሳደርገው ወድቆ አገኘሁት» አለች። «ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። በዚያ ጫማ ሰው እንዳያየው ብዬ አውልቄ በነጠላዬ ሸሸግሁት፤ ሰንደሉንም አጠለቅሁለት። መሰላሉንም እኔ ነኝ የጣልሁት። ከዚያ በኋላ ነው የጮህሁት።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለጥላዬም አልተነፈስሁ።»

ሰርካለም ወደ መጋዘኑ ተመልሳ ከጆንያው ክምር ሥር የጎደለውን ጎማ አገኘችው። ብሎኑም ከዚያው አልራቀም።

በማግሥቱ በሟቹ ቤት ውስጠኛ ክፍል አሰበችን፣ ወንድማገኝን፣ ዘሀቢያንና ደረበን ሰበሰበቻቸው። ውጭ ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ለእጮኝነት ሊመጡ የነበሩት የሳንጃ ሽማግሌዎችም ለልቅሶ መጥተው ተቀምጠዋል። ጎማውንና ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ያረጋል ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «በባለ ጎማው ጫማ ላይ ሳለ አንዱ ጎማ ወልቆ ወደቀ፤ ራሱንም ሚዛኑ መታው። ጫማው በልኩ ተመርጦ ነበርና ጥፋቱ የምርጫው አይደለም፤ ዘሀቢያ፣ ይህን ከልብዎ ያውጡት። የብሎኑን ጥርስ እዩ፣ አልተሸረፈም። ተሰብሮ ቢሆን ይታወቅ ነበር። ሰው ነው የፈታው።»

ደረበ አማተቡ። ወንድማገኝ አሰበችን ዞሮ አያት።

«ጫማውን የደበቁት እሳቸው ናቸው» አለች ሰርካለም ዐይኑን ተከትላ። «ጎማውን የፈቱት ግን እሳቸው አይደሉም። የፈታ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጎማ መጉደሉን ያውቃሉ፤ ፈልገው አብረው ይደብቁት ነበር። እሳቸው ግን የጎደለ ነገር መኖሩን እንኳ ሳያዩ፣ ከድንጋጤ ብዛት ጫማውን ማሽላ ውስጥ ቀበሩት። አባቴ ደረበ፣ ከሞቱ በፊት በነበረው ቀን መጋዘኑ ማን ገባ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንድማገኝ ሸራ ሊወስድ ገብቶ እንደ ነበር ተናገሩ።

«ሸራ መውሰድ ወንጀል ነው?» አለ ወንድማገኝ።

«አይደለም። ግን ከተማው የሚያወራው ስለ ቀዩ ጫማ ነው፤ ሰው ያየው እሱን ብቻ ነውና። ቀዩ ጠቦ ተመልሷል። ጥቁሩን ከሻጯና ከሟቹ ሌላ ያወቀ አልነበረም። ወይዘሮ አሰበችም ያዩት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ለማንም አልነገሩም። እርስዎ ግን ጫማው ከማሽላው ሳይወጣ ‹ያን ጥቁር ነገር› አሉኝ። እንዲህ ያለ ብሎን የሚፈታ ቁልፍም ከትራክተር መፍቻዎችዎ መሀል አለ።»

ወንድማገኝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብሎን ከራሱ አርቆ ገፋው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው የወደደ ይመስል ነበር። ነገሩ ሁሉ ቀስ በቀስ ወጣ። ሻይ ቤት በገባ ቁጥር ወንድምህ ልጅ ሆነ እያሉ ይስቁበት ነበር። ሸራ ሊወስድ ገብቶ ጫማውን ከጆንያው ኋላ ሲያገኘው ደሙ ፈላ። አንድ ጊዜ በቂጡ ወድቆ ቢያመው ይተወዋል ብሎ አሰበ፤ ብሎኑን አላልቶ ትቶት ወጣ። ሚዛኑን አላሰበውም።

«እኔ አፍሬ ነው» አለ። «በእግዜር፣ አፍሬ እንጂ ጠልቼው አይደለም።»

ፈረደ እጁን ሲይዘው ወንድማገኝ ወደ ሰርካለም ዞሮ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እንዳያየው በጓሮ በር እንዲያወጡት ለመናት። ሰርካለም ልትፈቅድለት ነበር።

«አይሆንም» አለች አሰበች። «ሰው እንዳያየን ስንል ነው እዚህ የደረስነው። በፊት ለፊት ውጣ። እኔም አብሬህ እወጣለሁ።»

ቀድማ ወጣች። አሰበች በለቀስተኛው መሀል ቆማ መሰላሉን ያጋደመችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ባሏ ጎማ ባለው ጫማ ይጫወት እንደ ነበር፣ ሲጫወትም እንደ ሞተ ነገረቻቸው። ጫማው ለእግሩ ተመችቶት እንደ ነበርም ጨመረች፤ ይህን ከዘሀቢያ ሰምታ ነው።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ከሳንጃ የመጡት አንድ አዛውንት አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው በእጃቸው ቦታ አመለከቷት። አሰበችም ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች።