ጨው የማይዘው ክፍል

ውሸት ነው የሚል ሰው ሐረር ይሂድ። ሸዋ በር ላይ ከሚኒባስ ይውረድና ጀጎልን ወደ ኋላ ትቶ ወደ አዲሱ ከተማ ትንሽ ይራመድ። ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን ያገኛል። እዚያ የምትሠራውን ሳዳን ያስጠራና "ሰባት ቁጥርን ክፈቺልኝ" ይበላት።

አትከፍትለትም።

የምነግራችሁ ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነውን ነው። በጠራራ ፀሐይ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ፍርሃት ነው ብዬ እተወው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ጅግራ አዳኝ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የአደን ፈቃዳችንን ይዘን ከአዳማ እንመጣና ያችኑ ሰባት ቁጥር እንይዛለን። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። ጎህ ሲቀድ ወደ ኤረር ሸለቆ እንወርዳለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰን ክፍላችን ውስጥ እናበስላለን።

ጋሼ በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ የማይሠራው ነገር አልነበረም። በውሃ ማፍያው እንቁላል ይቀቅላል። ድርቆሹን ሙቅ ውሃ አርከፍክፎ ያለሰልስና በሽንኩርትና በበርበሬ ይፈረፍረዋል። ጅግራ ያልተገኘ ቀን ሽሮ እንበላለን። የተገኘ ቀንም ጅግራው እስኪበስል ሽሮ እንበላለን።

ሽንኩርት የምልጠው እኔ ነኝ። እሱ ሠርቶ ሲጨርስ ያንኑ ለአደን የሚታጠቀውን ቢላዋ ይጠርግና ስለቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወጡን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ጨው ይጨምራል። ሁልጊዜ ያበዛዋል።

"ጋሼ፣ የአሳሌ ሐይቅን ልታበላኝ ነው?"

"ዝም ብለህ ብላ። ያፈሰስከውን ላብ ይመልስልሃል።"

አምና ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ለቁርስ ሽንኩርት ልጬ ቢላዋውን መስኮቱ ላይ ረሳሁት።

እኔ ነኝ የረሳሁት። ይኼን አልደብቅም።

ሸለቆው ውስጥ ጋሼ አንዲት ጅግራ መታ። ክንፏ ተሰብሮ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወደቀች። ሮጦ ወርዶ በሕይወት ያዛት። ነፍሷ ሳይወጣ በስመ አብ ብሎ ካልባረካት በክት ናት፤ ጋሼ ደግሞ በክት ከሚበላ ጦሙን ያድራል። እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። አፎቱ ባዶ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። "ኒቆ፣ ቢላዋውን አምጣ" አለኝ።

ስለት ፍለጋ ወደ መኪናችን ሮጥኩ። እሱ አሸዋው መሐል ጅግራዋን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ይጠብቀኛል።

እኛ ያለንበት ቦታ ጠብ አላለም ነበር። ላይ፣ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል።

ስመለስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል...

አሥራ አንድ ቀን ፈለግን። የተገኘው አንድ ጫማ ነው። የግራው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናቴ ጥሩወርቅ ጠራችኝ። "ያ ቢላዋ የት ነው?"

"ሐረር። ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል።"

"አምጣልኝ። አባትህ ጎን እቀብረዋለሁ። ባዶ መሬት ላይ ተቀምጬ አላለቅስም።"

"እማዬ፣ ቄሱ ቢላዋ አይቀበርም ብለዋል እኮ።"

"እሳቸውን ማን ቆፍሩ አላቸው? እኔ እቆፍራለሁ።"

ሄድኩ። ሳዳ ገና ስታየኝ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከጎኑ አንድ ከረጢት ጨው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ክፍሉ ጨው አይዝም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እንግዳው ያበስላል፣ ይቀምሳል፣ ወርዶ ጨው ስጪኝ ይለኛል። እሰጠዋለሁ። እንደገና ይወርዳል። መጀመሪያ ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛው እንግዳ ሻንጣውን ጥሎ ሲሄድ ቆለፍኩት።"

"ቢላዋውስ?"

"ወላሂ ሦስቴ ወደ ታች አውርጄዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ላይ ነው። እርጥብ ሆኖ... የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበት። ቶሎ አንሳና ውጣ። የሚጠራህ ካለ እንዳትመልስ።"

"በልቼ ነው የምወጣው።"

"ምን?"

"ያን ቀን ሳንበላው የቀረውን። ከወንድሜ ክፍል እንደ ሌባ ሮጬ አልወጣም።"

ራሷን ነቀነቀች። "እሱም እንዲሁ ችኮ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።"

ክፍሉ እንደነበረ ነው። ምድጃዋ። ድስቷ። ሁለቱ አልጋዎች። ውጭ ባጃጅ ይጮሃል፣ ሴቶች ጫት እያሉ ይጣራሉ።

ቢላዋው መስኮቱ ላይ ነበር። ስለቱ ግን ወደ ክፍሉ ዞሯል።

ይዤው የመጣሁትን ሽንኩርት ላጥኩበት። ዘይት አደረግኩ፣ አቁላላሁ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሽሮውን በተንኩ። ጨው አደረግኩና እንደ ጋሼ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

ምንም።

አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ምንም። አንድ እፍኝ... ምንም።

በዚህ መሐል ከኋላዬ የጋሼ አልጋ ሲጢጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

የጎርፍ ጭቃ ሸተተኝ።

አልዞርኩም። እውነቱን ልናገር፣ ያልዞርኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም። እሱ ባይሆንስ ብዬ ነው። ዓመት ሙሉ በሕልሜ እንኳ አልመጣልኝም።

"ኒቆ..."

ድምፁ የእሱ ነው።

"ጋሼ?" አልኩ። ሳዳ አትመልስ ያለችኝን እያወቅሁ።

"ደክሞህ የለ... ተቀመጥ።"

ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

"ቢላዋውን ተወው" አለኝ።

እዚያ ላይ ቀጥ አልኩ። ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ የኖረው ቃል ይኼ አይደለም። ወንድሜ ውሃው እስኪወስደው ድረስ ቆሞ የጠበቀው ይኼንን ስለት ነው። እሱ ተወው አይልም።

"ጨው ጨምርበት" አልኩ፣ ሳልዞር።

አልጋው ላይ ያለው አልተነሳም።

"ወንድሜ ከሆንክ ተነስና ጨው ጨምርበት።"

አልጋው እንደገና ሲጢጥ አለ። አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ... "ተወው..."

"አልተውም።"

ቢላዋውን ሳነሳው ከበደኝ። በዚያኛው ጫፍ ሰው የያዘው ያህል። በሁለት እጄ ጎተትኩት። ስለቱ መዳፌን ቆረጠኝ፤ አለቀቅኩም። ቀይ ደም ሽሮው ላይ ተንጠባጠበ።

"እኔ ነኝ የረሳሁት" አልኩት። "እኔው ነኝ የምወስደው። ወንድሜ አምጣ ብሎኛል።"

በድንገት ቀለለኝ።

ምድጃውን አጠፋሁ። ማንኪያ አነሳሁና እንደቆምኩ፣ ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ፣ ያንን አልጫ ሽሮ ከነደሜ ሦስት ጊዜ ጎረስኩ። ከዚያ በሩን ክፍት ትቼ ወጣሁ።

ሳዳ ደረጃው ሥር ቆማለች። የምታየው ግን እኔን አልነበረም።

"ደረጃውን ለምን አረጠብከው?" አለች።

ዞር አልኩ። ከላይ ጀምሮ፣ ከእኔ ዱካ ጎን፣ ሌላ እርጥብ ዱካ አለ። ቀኙ ጫማ ያደረገ ነው። ግራው ባዶ እግር... አምስቱም ጣቶች ይታያሉ።

እኔ ከቆምኩበት ጎን ያበቃል።

ሳዳ መወልወያውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። "ሂዱ" አለችኝ። "በሰላም ግቡ።"

ሂዱ ነው ያለችው። የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

በሙት ዓመቱ ቀን እናቴ ቃሏን ጠበቀች። አባቴ ጎን በገዛ እጇ ቆፈረች። ቢላዋውን በነጠላዋ ጠቅልላ አስገባችው፣ አፈሩን እኔ መለስኩ። ድንጋይ ጫንንበት። ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጣላት አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ሁለታችን ብቻ ቤት ገባን። ጠዋት ጥደን፣ እሳቱን አጥፍተን የወጣነው ሽሮ ምድጃው ላይ ነበር።

እናቴ ክዳኑን አነሳች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

"ኒቆ" አለች፣ "ማነው ጨው ያበዛበት?"

"እኔ አልነካሁም።"

"እኔም ገና አላደረግኩበትም።"

ተያየን። ሰዓቱ ዘጠኝ ይላል።

ጎረቤት ትጠራለች፣ ጠበል ትረጫለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ እንጀራ ዘረጋች፣ ሽሮውን አፈሰሰችበት፣ ተቀመጠች።

"ዝም ብለህ ብላ" አለችኝ።

በላን። አፍ ያቃጥል ነበር። አንዳችንም ውሃ አልጠየቅንም።

ከትከሻዋ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ግማሽ የተላጠ ሽንኩርት ነበር። ከጎኑ ቢላዋው። እጀታው ላይ የመቃብሩ ቀይ አፈር እንዳለ ነው።

ስለቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።