እጅ ያልነካው ፎቶ

«አትሳቂ።»

«ማን ሳቀ?»

«ከንፈርሽ። ለጉዞ በሚሆን ፎቶ ላይ ሳቅ አይፈቀድም።»

«ስቄ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ፈርቼ ነው። ስፈራ እንዲህ ያደርገኛል።»

ፎቶ አንሺው ዓይኑን ከካሜራው አንሥቶ አያት። እውነቷን ነው። በነጩ መጋረጃ ፊት፣ እግሩ የሚወዛወዝ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሀል ወሽቃለች። ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን እየተሳበ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ ላየው ፈገግታ ነው፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሊያለቅስ ጫፍ የደረሰ ሕፃን ፊት ነው።

«ፎቶ እኮ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ላንተ ነው ፎቶ። ለኔ የመጀመሪያው በር ነው።»

ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ እንድትመልስ ብቻ ነገራት። ስትመልሰው የግራ ቅንድቧን ለሁለት ከፍሎ ወደ ግንባሯ የሚወጣ ጠባሳ ታየ። እዚያ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አያጣም፤ አንዱ ጥርሱን፣ አንዱ ጆሮውን፣ ሌላዋ አንገቷን። እሷ ግን ጠባሳዋን ወደ መብራቱ አዙራ ቁጭ አለች።

እሱ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ምንም አልታየውም። ደግሞ ተጫነ።

«ልጄ» አለ የፎቶ አንሺው አጎት ከጥግ፣ ከፍሬሞቹ መሀል፣ «የካሜራውን ክዳን አንሣው እንጂ።»

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ እውነተኛውን ሳቅ የሳቀችው።

ፎቶ ቤቱ የአጎቱ ነው። ግድግዳው ላይ ኮት ለሌለው ደንበኛ የሚዋስ ኮት ተሰቅሏል፤ ከመስተዋቱ ሥር ማበጠሪያ በክር ታስሯል። አጎቱ በኩራት የሚናገረው አንድ ሕግ አለ፦ «ከዚህ ቤት ማንም አስቀያሚ ሆኖ አይወጣም።» ስለዚህ የሙሽራው ብጉር፣ የተመራቂው ጥቁር ነጥብ፣ የእመት እገሊት የዓይን ሥር እብጠት ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ተጠርጎ ይጠፋል። የጉዞ ፎቶ ብቻ አይነካም። ይህን ደግሞ የእህቱ ልጅ፣ ፎቶ አንሺው፣ ከማንም በላይ ያውቃል።

ምክንያቱም እሱም መሄድ ይፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ወዲህ ሲያልም የኖረው የፊልም ሥራ መማርን ነው፤ እዚህ የማይገኝ ትምህርት ነው። ግን ጠይቆ አያውቅም። ካልጠየቁ አይከለከሉም። ከዚያ በርጩማ ላይ የተነሡ ሰዎች ያልሄዱበት አገር የለም፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠበትም። ሲያልፍ በእግሩ ገፋ አድርጎት ነው የሚያልፈው።

ልጅቷ ፎቶዋን ልትወስድ ስትመጣ ቶሎ አልወጣችም። በሕፃናት ማቆያ ቤት ሞግዚት እንደሆነች፣ ውጭ አገር የትምህርት ቤት ቦታ እንዳገኘች፣ የቀራት ኤምባሲ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ቪዛ የሚሰጠው ሰው ፊት ቀርቦ መጠየቅ ብቻ መሆኑን ነገረችው። እሱን ስታስበው እንቅልፍ አይወስዳትም።

«አንተ ስንቱን መንገደኛ ታያለህ፤ እዚያ ምንድን ነው የሚጠይቁት?»

ከደንበኞቹ የሰማውን አንድ በአንድ ነገራት። በኋላም፣ ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ፣ ባዶ ፍሬም ከግድግዳው አውርዶ መስታወቱን በመሀላቸው አቆመ።

«ይኸው፣ እኔ ሰውዬው ነኝ። ለምን መሄድ ፈለግሽ?»

እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። «ራሴን ለማሳደግና የሕይወት ዓላማዬን ለማሳካት።»

«ይሄን ሁሉም ይለዋል።»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ያንቺ ግን አይደለም።»

ደነገጠች። ለጊዜው የተቀየመች መሰለው። በማግስቱ ግን ከሥራ መልስ መጣች። በሚቀጥለውም ቀን መጣች። አጎቱ ፍሬሙ የሰው መሆኑን፣ ባለቤቶቹ የሟች አባታቸውን ፎቶ ሊያስገቡበት እንደሆነ ቢያስታውቃቸውም የሰማው አልነበረም።

አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ ሲደግምላት ሌላ መልስ መለሰች። ታላቅ እህቷ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ልጅ ሳሉ እሷ ራሷ ጓሮ ውስጥ ከውኃ በርሜል ላይ ወድቃ የቆርቆሮ ጠርዝ ግንባሯን ሲሰነጥቃት፣ እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ጨርቅ ትሰፋ ነበር። ጮኸች፤ ጮኸች። እህቷ ክር ልታነሣ ዞር እስክትል ድረስ ማንም አልደረሰላትም። ከዚያ ወዲህ እህቷ ለሷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ አታውቅም።

«ያን ቀን ጩኸት ለሷ እንደማይደርሳት ገባኝ» አለች በመስታወቱ ውስጥ። «ከዚያ በእጅ ማውራት ጀመርን፤ ራሳችን በፈጠርነው። አምና ማቆያ ቤታችን እንደሷ ያለ ልጅ መጣ። ‹አይገባውም› ብለው ሲመልሱት ቆሜ አየሁ። የኔና የእህቴ እጆች የሚበቁት ለሁለት ሰው ነው። ለብዙ ልጅ የሚበቃውን ልማር ነው የምሄደው።»

እሱ መስታወቱን አስተካክሎ ያዘ።

«ይሄንን ንገሪው» አለ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ባይጠይቅ በወደደ። ግን ተራው ነበር። «ትመለሻለሽ?»

ሰውዬው ይሁን እሱ የጠየቃት፣ ሁለቱም አላወቁም። ወደ መስታወቱ ቀረብ አለች። ትንፋሿ መስታወቱን አደብዝዞት ፊቷ ቀስ እያለ ጠፋ።

የእህትማማቾቹን ንግግርም አስተማረችው። ጨብጦ ደረትን ደጋግሞ ማንኳኳት «ፈራሁ» ማለት ነው። መልሱ ቃል የለውም፤ ሌላው ሰው መዳፉን በተጨበጠው እጅ ላይ ያሳርፋል፣ በቃ። ስታስተምረው መዳፏ እጁ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መጋረጃውን አዩ፤ ምንም እንደሌለበት እያወቁ።

ቀጠሮዋ ሲቃረብ አዲስ ፎቶ እንድታመጣ ታዘዘች። አነሣት። ስትወጣ «የፊታችን ሳምንት ነው እንግዲህ» አለች፤ ከንፈሯ ያንን የፍርሃት ሳቁን ሳቀ።

ከወጣች በኋላ ፊቷ ኮምፒዩተሩን ሞልቶት ተቀመጠ። እሱ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ነበር። በሐሳቡ ሲያያት ሻንጣ ይዛ መንገድ ላይ ናት፤ ሲጠራት አትሰማም። እጁ ግን ሥራውን አልረሳም። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቅንድቧን አቀረበ፤ የሚወዱትን ሰው ፀጉር ከግንባሩ ላይ እንደሚመልሱት፣ ቀስ እያለ ዳበሰው። ጠባሳው ጠፋ። አትሞ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ያደረገውን ልብ አላለም።

የቀጠሮዋ ዕለት ከሰዓት በኋላ የፎቶ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። ቁጭ በይ ቢሏት አልተቀመጠችም። ሰውዬው የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በአንዱ ላይ ጠባሳ አለ፣ በሌላው የለም፣ የትኛዋ ነሽ ብሏት እንደነበረ ተናገረች። የሌላ ሰው ፎቶ ያመጣች መስሎት ነበር። ስለ እህቷ አልጠየቃትም፤ ያጠናችው ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ለነገ በትክክለኛ ፎቶ ካልቀረበች ጉዳይዋ ይዘጋል፤ ትምህርቱ ደግሞ ሊጀምር ነው።

ፎቶ አንሺው እጁን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

አጎቱ ቀደመ። «የመብራት ነፀብራቅ ነው፣ የኔ ልጅ። ያጋጥማል። ነገ በጠዋት ነይና እንደገና እናነሣሻለን።»

አመነች። «እሺ ጋሼ» አለች። ወደ ወጣቱ ዞር ብላ፣ እንዲያጽናናት እንደምትጠብቅ ሁሉ፣ በጨበጠ እጇ ደረቷን አንኳኳች። እጁን አላነሣም። ማንሣት አልቻለም። ትንሽ ጠብቃ ወጣች።

«ዝም በል» አለው አጎቱ በሩ ሲዘጋ። «ስሙ የጠፋ ፎቶ ቤት ማን ይመጣበታል? ደግሞስ ልጅቷ ምን ትላለች? ልታስቀረኝ ነው አትልህም?»

ያስፈራውም ይኸው ነበር። እሷ ምን ትላለች የሚለው ሳይሆን፣ እውነት ቢሆንስ የሚለው። እጁ ዝም ብሎ ልማዱን ነው የሠራው ወይስ ልቡ ያዘዘውን? የራሱን እጅ መጠየቅ የሚቻል ቢሆን ይጠይቀው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እሱ መሄዷን ፈርቷል፤ የደረሰው ግን መቅረቷ ነው። ይህኛው ደግሞ ከመሄዷ ይልቅ አስፈሪ ሆኖ አገኘው።

በማግስቱ የብረቱን በር ገና ሲከፍት አንዲት ሴት ቆማ አገኘ። አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ አለ። ሳትነግረው አወቃት። ቅንድቧ የእህቷ ነው፤ ልዩነቱ ያልተሰነጠቀ መሆኑ።

ገብታ ፎቶውን ባንኮው ላይ አስቀመጠች። በጣቷ የራሷን ግራ ቅንድብ ነካች። ከዚያ መርፌ እንደያዘች ሁሉ አየሩ ላይ የመስፋት ምልክት አሳየችና እጇን ዘረጋች። ስፌት ጎድሏል፤ የት አደረስከው? ማለቷ ነበር። ዓይኗ ከፊቱ አልተነቀለም።

የልብስ ሰፊ ዓይን ነው። ነፀብራቅ ነው ቢላት አትሰማም፤ አጎቱ ከጓዳ ሆኖ የሚያስለውን ሳልም አትሰማም። የሚደበቅበት ድምፅ አልነበረውም። ያሉት እጆቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም ጥቂት ነገር ነው የሚያውቁት።

በጣቱ ወደ ራሱ አመለከተ። እኔ። ፎቶው ላይ ጠባሳው የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ከዚያ እጁን እንደ ወፍ ወደ በሩ ሰደደ። ስትሄድ። ጨብጦ ደረቱን አንኳኳ። አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም፤ አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ ዓይኑ እስኪሞላ።

የሴትዮዋ ዓይን ከትከሻው አልፎ ሄደ። ዞር ሲል ልጅቷ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች።

ውጭ የሆነ መኪና ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል።

«እንዳልሄድ ብለህ ነው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለ። «አስቤ አይደለም ያደረግኩት። ግን እንድትሄጂ አልፈልግም። ትናንት መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

«ይሄ ጠባሳ ምን እንደሆነ ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«እሱን ካጠፋኸው እኮ የምሄድበት ምክንያት የለኝም። የምመለስበትም የለኝም።»

ልጅቷ በአጠገቡ አለፈች፤ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች።

«አንሣኝ።»

ካሜራውን ያዘ። ክዳኑን አነሣ። በዚህኛው ጊዜ ከንፈሯ አልሳቀም። በቀጥታ ወደ እሱ አየች፤ የተቆጣ፣ የተጎዳ፣ ደግሞም ሌላ ነገር የያዘ ዓይን ነበር። ያን ሌላውን ነገር ሊያይ አልደፈረም። ፎቶውን ምንም ሳይነካ አተመውና ሰጣት። እህቷ ከእጇ ተቀብላ ስፌቱን እንደምትመረምር ሁሉ ወደ ብርሃኑ አቅንታ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

ተፈቀደላት። ወሬውን ያመጣችው እህቷ ናት፤ እጇን እንደ ወፍ ወደ ሰማይ ሰድዳ። እሱም ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ልትሄድ ስትል፣ ሻንጣዋ ተዘግቶ ካለቀ በኋላ፣ ፎቶ ቤት መጣች። የመጣችው ልትሰናበት መስሎት ቃላት ሲፈልግ፣ ካሜራውን ከእጁ ወሰደችው።

«ቁጭ በል።»

«የት?»

«ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት ላይ ነዋ።»

አጎቱ ከጥግ «እዚያ በርጩማ ላይ ከሱ በቀር ያልተቀመጠ የለም፣ በይ አስቀምጪልኝ» አላት። ወጣቱ ተቀመጠ። በርጩማው እንደሚወዛወዝ ያውቅ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያስፈራ ግን አያውቅም። እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ወሸቀ።

«አትሳቅ» አለችው።

«ማን ሳቀ?»

ካሜራውን ዝቅ አደረገች። መጥታ ከፊቱ ቆመች። የጨበጠው እጁ መቼ ደረቱ ላይ እንደደረሰ አላወቀም፤ መዳፏን አሳረፈችበት። ቅያሜዋ አልቆ ይሁን አይሁን አልጠየቃትም። መዳፏ ግን ከፊተኛው ይበልጥ ቆየ።

«ትመለሻለሽ?» አላት። አሁን መስታወት የለም።

«ከመመለሴ በፊት ብትመጣስ?» አለች። «ጠይቅ። ቢከለክሉህም ጠይቅ።»

ከሄደች ወዲህ እህትየው በየጊዜው ወደ ፎቶ ቤቱ ብቅ ትላለች። የስልኩን ስክሪን ባንኮው ላይ ደገፍ አድርገው ሁለቱም ይቀመጡና፣ ሩቅ ካለ ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን እጆች ያያሉ። አዲስ ቋንቋ ተምራለች፤ አንዳንዱ አይገባቸውም፤ ይስቃሉ። ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ደረቷን ታንኳኳለች፤ እሱም መዳፉን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋል።

ያን ቀን ያነሣችው የሱ ፎቶ ፖስታ ውስጥ ነው። አንድ ዓይኑ ከሌላው ዝቅ ብሎ፣ ከንፈሩ ወደ ጎን ተስቦ ወጥቷል። አጎቱ ትንሽ እናስተካክለው ብሎ ለምኖት ነበር፤ አስቀያሚ ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንዳይሆን። እምቢ አለው።

ዛሬ ጠዋት ኮቱን ከግድግዳው አውርዶ ለበሰና ኤምባሲ ሄዶ ከመስታወቱ ፊት ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሰውዬው ፎቶውን አየ፣ እሱን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«እየሳቅህ ነው እንዴ?»

«አይደለም» አለ። «ፈርቼ ነው።»