በዲንቃ አንገት ውስጥ የቀረው

ዲንቃን ያዮ ጫካ ውስጥ፣ ቀፎ ከሰቀለበት ዛፍ ሥር ወድቆ አገኙት። አንገቱ ተበስቷል። ደሙ ቅጠሉን አርሶታል። ነፍሱ ግን አልወጣችም።

ያገኘው ጎረቤቱ ነመራ ነው። ኡኡ ብሎ አገር ጠራ።

«ቀነዓ በጦር ወጋው! ጦሩን ነቅሎ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት!»

ቀነዓ የዲንቃ ሚስት የዱሬቲ ወንድም ነው። ከአማቹ ጋር በወሰን ተጣልቶ «እወጋሃለሁ» ሲል ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። በዚያው ቀን ታሰረ።

ዱሬቲ ባሏን በቃሬዛ አስይዛ መቱ ሐኪም ቤት ገባች። ባሏ ቢሞት ወንድሟ ይሰቀላል። የሁለት ሰው ነፍስ አንድ አንገት ላይ ተንጠለጠለች።

ቁስሉ ከላይ ገጠመ፤ ከውስጥ መግሉ አላቆም አለ። ዲንቃ በትኩሳት ይቃዣል፤ ድምፁ ጠፍቷል፤ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው። ራጅ ተነሣ። ምንም አልታየም።

«አየሽ፣ ምንም የለበትም» አለ ሊጠይቅ የመጣው ነመራ። «ቢላ ካስነካሽው ያልቅልሻል። ያዮ ወጌሻ አለ። በቅሎዬን ልስጥሽ፣ ይዘሽው ግቢ።»

ዶክተሩ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል። «ራጅ ብረት ያያል። እንጨት አያይም» አላት። «ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ትልቁ ደም ሥር አጠገብ። ካልወጣ ይሞታል። ስናወጣም ሊሞት ይችላል።»

ዱሬቲ ወደ ነመራ ዞረች።

«ኦቦ ነመራ፣ በቅሎዎን ለሠርጌ እንኳ ከልክለውኝ የለም? ዛሬ ምነው ቸር ሆኑሳ?»

«ለነፍሱ ብዬ ነው!»

«እንግዲያው ለነፍሱ ይጸልዩ።»

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ፈረመች። ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሥር ተቀመጠች። ተነሺ ቢሏት አልነሣም አለች።

ዶክተሩ ቁስሉን አልጎረጎረም። መጀመሪያ ከቁስሉ በታች ጤነኛውን ሥጋ ቀዶ ደም ሥሩን አገኘ፤ ቢፈነዳ እንዲያንቀው ክር አዞረበት። ከዚያ ወደ ቁስሉ ወጣ። ቀስ ብሎ ሳበ።

የወጣው ጣት የሚያህል የሸመል ስባሪ ነው። አንድ ጫፉ ሹል፣ በእሳት ተለብልቦ የጠነከረ።

ነገሩን የያዘው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ወንድይራድ፣ አገላብጦ አየው። «የቀነዓ ጦር ብረት ነው» አለ። ፖሊሶች ይዞ ያዮ ወረደ። ዛፉ ሥር ቅጠሉ ሲገለጥ፣ የሾሉ ሸመሎች መሬት ላይ ተተክለው ተገኙ። አንዱ አናት የለውም።

ነመራ ተጠራ።

«ጦር አየሁ ነው ያልከው?»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«የምን ጦር?»

«የብረት ነዋ! የምን ጦር አለ?»

«ነቀለው?»

«ነቀለው አልኩ እኮ!»

ሃምሳ አለቃው ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ከዲንቃ አንገት የወጣው ይኼ ነው። ጦር ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ነመራ ስባሪውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ዛፉ የአባቴ ነው» አለ። «ዲንቃ በጉልበት ቀፎ ሰቀለበት። ሲወርድ እግሩን ይውጋው ብዬ ሸመሉን ተከልኩ። አዳልጦት በአንገቱ ወደቀበት። ሰው ሳያይ ከሸመሉ ላይ ላነሣው ስል ጫፉ አንገቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ቢድን ያጋልጠኛል። ቢሞት ዛፉ የእኔ ነው። የቀነዓን ዛቻ ደግሞ አገር ያውቀዋል።»

ቀነዓ ተፈታ። ሐኪም ቤት ደርሶ በሩ ላይ ቆመ፤ መግባት አፈረ።

«ምን ትገተራለህ?» አለች ዱሬቲ፣ አጥሚት በማንኪያ ይዛ። «ና፣ አንገቱን ደግፍልኝ።»

ቀነዓ ደገፈው። ዲንቃ አጥሚቱን ዋጠ።