የተከደኑት ዐይኖች

አባባ ካሳው ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ በሃሊሳ ሰፈር ባለው አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተሰብሯል። መርማሪዋ ኦስናት ግን ፊታቸውን አተኩራ አየች። ዐይናቸው ተከድኗል።

«ወድቆ የሞተ የገዛ ዐይኑን አይከድንም» አለች በልቧ።

የቤቱ ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ነፍሰ ጡሯ የልጅ ልጃቸው ሊታል፣ ባሏ ሳጊ፣ ከታች ፎቅ የምትኖረው የሳጊ እናት ማንአለብሽ። ሦስቱም ሬሳውን እንዳልነኩ ማሉ።

«ጧት ከአባባ ካሳው ጋር ተጣልታችኋል አሉ?» አለችው ሳጊን።

«ቤሰደር» አለ በዕብራይስጥ፤ «እሺ፣ ጮኼበታለሁ! የጽንሱ ልብ ጉድለት አለበት። የዘር ምርመራው ደግሞ ከሁለታችሁም የወረደ ነው አለ። ሐኪሟ ‹ትዛመዳላችሁ?› አለችን። እሱ ‹ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የዳርኳችሁ› ብሎ ድርቅ!»

«ከዚያስ?»

«‹እንደገና አጣርቼ ነገ ለሐኪሟ እነግራታለሁ› ብሎ ወደ ታች ወረደ።»

«ሐኪሟ የዘር ሐረጋችንን ሳታውቅ ውጤቱን በትክክል ማንበብ አትችልም» አለች ሊታል ሆዷን ይዛ። «ልጄን ምን እንደማደርገው የምወስነው በአያቴ ቃል ነበር።»

ማንአለብሽ በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ኩባያዋን እግሯ ሥር ለይታ አስቀምጣለች። ሊታል እያለቀሰች ስትጠጋት «አትንኪኝ!» ብላ ሸሸች።

ኦስናት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ማንአለብሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ይግቡ እንጂ እማማ።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«እናቴ በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይገለላል ትለኝ ነበር» አለች ኦስናት ረጋ ብላ። «ኩባያዎን ለይተዋል። ምራትዎ ስታለቅስ አላቀፏትም። የተገለሉት በወር ግዳጅ ነው እንዳልል፣ ዕድሜዎ አልፏል። አባባ ካሳው የወረዱት ወደ ማን ነው? ሳጊ ከማን እንደተወለደ ከእናቱ በቀር ማን ያውቃል? እርስዎ ከደረጃው ጣሏቸው፤ ዐይናቸው እንደፈጠጠ ጥለዋቸው መሄድ ግን አልሆነልዎትም።»

ማንአለብሽ መቃኑን ተደገፈች። «አልገፋኋቸውም… እውነቱን ከነገርኋቸው በኋላ አይናገሩ ብዬ ጋቢያቸውን ሳብሁ። ከዚያ ወደቁ።»

«ምን እንዳይናገር፣ እማ?» አለ ሳጊ።

 ሊታል የዘር ሐረግ የሚሞላበትን የክሊኒኩን ቅጽና እስክሪብቶ አነሣች።

«ዘር ቆጣሪዬን ገድለሻል። እንግዲህ አንቺ ቁጠሪ። የሳጊ አባት ማነው?»

«አዲሱ።»

እስክሪብቶው ቆመ። አዲሱ በመኪና አደጋ የሞተው የሊታል አጎት ነው።

«የአዲሱስ አባት?» አለች ኦስናት።

«ካሳው» አለች ማንአለብሽ ከበሩ ላይ።

ያንን ስም ሊታል በቅጹ ላይ፣ በራሷ የዘር ሐረግ በኩል ቀድማ ጽፋዋለች።