እጁን ያላነሳ ሽማግሌ

በሮቤ ሜዳ ስንዴው ታጭዶ ሲያልቅና ከሳነቴ ተራራ በኩል ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲወርድ፣ ጉርሜሳ ያን ዓመት ያስታውሳል። ልጆቼ፣ አስታውሶ የማይጠግበው ነገር ያለው ሰው የታደለ ነው።

ፋናዬ በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን በር ላይ ተቀምጣ፣ የእህል እርጥበት በምትለካ ትንሽ መሣሪያ ስንዴ የምትቀበል ልጅ ነበረች። ጉርሜሳ የአባቱን ስንዴ ጭኖ መጣ።

«አልደረቀም። መልሰህ አስጣው።»

አንዲት ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ቀጭ አደረጋት። «ጥርሴ ደርቋል ይላል።»

«እንግዲያው ጥርስህን እዚህ አስቀምጥልኝና እሱ ይፈርምልህ!»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ጉርሜሳም ሳቀ። ስንዴው ከደረቀ በኋላ እንኳ እፍኝ እየያዘ «ለኪልኝ» ማለቱን አልተወም። እሷም ምን እንደሚያመላልሰው እያወቀች ትለካለታለች። ዓይኗን ከመሣሪያዋ ሳታነሳ ፈገግ ትላለች፤ ያች ፈገግታ እስከ ጎባ በእግር ታስኬድ ነበር።

ምርጫ ሲደርስ በለጠ የሚባል ተወዳዳሪ ተነሣ። «እኔ ግራም ቀኝም አላውቅም! የማውቀው ሕዝብን ነው! እኛ ሕዝብ ነን፤ እነሱ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው!» ይላል። የተገፋ ሰው ጆሮ ደግሞ ይህን ይወዳል። ጉርሜሳም ልቡ ተነክቶ፣ በባጃጅ እየዞረ በማይክራፎን ይለፍፍለት ጀመር።

ሰማዩ ለዝናብ ሲጠቁር፣ ስንዴውን አስጣ ተብሎ የተመለሰበት ገበሬ ተቆጣ። በለጠ በመጋዘኑ ግቢ ሰው ሰበሰበ።

«ገበሬ ስንዴውን አያውቅም? መሣሪያዋም ልጅቷም ይነሱ! ሕዝብ የሆነ እጁን ያንሳ!»

ግቢው እጅ ብቻ ሆነ። ፋናዬ ከዚያ ሁሉ መሃል የአንድ ሰው እጅ ፈለገች። ጉርሜሳ ማይክራፎኑን በግራው ይዞ፣ ቀኙን ቀስ ብሎ አነሳ።

«እጄን ያነሳሁት በመሣሪያው ላይ ነው እንጂ ባንቺ ላይ አይደለም» አላት ኋላ።

«አባቴ እዚህ ተወልዶ እዚህ ነው ያረፈው። እኔ ሕዝብ ካልሆንኩ ምንድን ነኝ፣ ጉርሜሳ?»

እሷም ጎባ እናቷ ቤት ገባች።

ወር ሳይሞላ፣ ያለ ልኬት የገባው የመጋዘኑ ስንዴ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ጋለ፤ ሻገተ። በለጠ «ይህም የእነሱ ተንኮል ነው» ብሎ ወደ ሌላ ከተማ አለፈ። ጉርሜሳ ግን ጎባ ሄዶ ከበሯ ቆመ።

«አጥፍቻለሁ። ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ። ግን ያን ቀን እጁን ያላነሳ ይሁን።»

ቀላል መስሎት ነበር። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋሽ መሸሻ ዘንድ ሄደ። «እኔማ ልጄ፣ እንዳልታማ ብዬ ሁለቱንም ነው ያነሳሁት!» አሉት። አባ ሻፊ ዘንድ ሄደ፤ አንገታቸውን ደፉ። ከአጋርፋ እስከ ሪራ ዞረ። በዕለቱ የነበረው ሁሉ እጁን አንስቷል፤ ያልነበረውም «ብኖር አነሳ ነበር» አለው።

በመጨረሻ መላ የዘየዱት ጋሽ መሸሻ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎባ ሄደው ከፋናዬ እናት፣ ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ደጃፍ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ልጅ ልንጠይቅ አልመጣንም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለ» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ልጅዎን ያባረርናት እኛ ነን። እሱን ነው ልንናገር የመጣነው።»

«ዲፈማ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ አባ ሻፊ ወደ ፋናዬ ዞረው። «ይቅር በይን፣ ልጄ።»

እናት አለቀሱ። ፋናዬ ግን «እሱስ የታለ?» አለች።

«ከአጥር ውጭ ነው። አንተ አትገባም ብለነዋል።»

ወጣች። ያካፋል። ጉርሜሳ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው?»

«ከጠዋት።»

«ለብቻ መቆም እንዴት ነው?»

«ይበርዳል፣ ፋኒ።»

ያን ቀን በመጋዘኑ ግቢ እሷን የበረዳትን ያህል እሱንም እስኪበርደው ቆማ አየችው።

«ግባ» አለችው።