ማስታወቂያው የገለጠው

የኳስ ጨዋታው ሊጀምር ሲል የቴሌቪዥኑ ምስል ተቋረጠና ማስታወቂያ ገባ። «ጆሮዎ መስማት ተስኖታል? ዘመናዊ የመስሚያ መሣሪያ...»

«አሁንም!» አለ የሪሃብ ታላቅ ወንድም ሙአዊያ። «ዛሬ ብቻ አራተኛው ነው እኮ! እዚህ ቤት ደንቆሮው ማነው?»

እናታቸው ዘይነት ሳቀች። አባታቸው አብዱልበሲጥ ግን ዐይኑን ከምንጣፉ አላነሣም።

ሪሃብ ደነገጠች። ባለፈው ወር አዲሱን ቲቪ ስታስተካክል ያላነበበችውን ሁሉ «እስማማለሁ» እያለች አልፋዋለች። ቲቪው ቤተሰቡ የሚያየውን እየተከታተለ ማስታወቂያ እንዲመርጥ የፈቀደችለት እሷ ነች። እንግዲህ አንድ ሰው ስለ ጆሮ ሲያይ ሰንብቷል ማለት ነው። ቀን ቀን ደግሞ ለምሳ ከጨርቅ ሱቁ መጥቶ ቲቪ የሚከፍተው አባቷ ብቻ ነው። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛ ሦስት ሜትር ጨርቅ ስትለው ስድስት ቆርጦ መጣላታቸው ትዝ አላት።

«ቆይ፣ ማን ምን እንዳየ ሂስትሪው ላይ አለ» ብሎ ሙአዊያ ሪሞቱን አነሣ።

«ተው! እኔ ነኝ፤ የባዮሎጂ የቤት ሥራ ነበረኝ።»

ሪሞቱን ነጠቀችው። የታዩትን ነገሮች ዝርዝር በሙሉ አጠፋች፤ መከታተያውንም ዘጋች።

ከዐስር ሶላት በኋላ አባቷ «ነይ እስኪ፣ ጣና ዳር ወጣ እንበል» አላት። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«የቤት ሥራ አልነበረሽም፣ አይደል?»

«አልነበረኝም።»

«ግራ ጆሮዬ ከረመዳን ወዲህ ይጮኽብኛል። ድምፅም እየራቀኝ ነው። ለሰው መናገር አፈርሁ።» ወደ ውሃው ተመለከተ። «ቅዳሜ ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ስሜን ሲጠሩ እንዳያመልጠኝ። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ።»

አባቷ ምሥጢር ሲያካፍላት የመጀመሪያው ነው። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ከበዳት። እናቷ ጓዳ ውስጥ ሆና «ምን አድርጌው ነው ስጠራው ዝም የሚለኝ?» ስትል ሰምታታለች።

ሪሃብ ተነሥታ በቀኝ ጎኑ ዞራ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ አባ። ግን እማ ያኮረፍሃት መስሏታል። አንተው ንገራት። እኔም አጠገብህ እሆናለሁ።»

አብዱልበሲጥ ዐይኑን ከውሃው አላነሣም። አልሰማኝ ይሆን ብላ ልትደግመው ስትል ብድግ አለና እጁን ዘረጋላት።

«በይ ተነሽ» አላት፤ «ድፍረቱ ሳይከዳኝ።»