ቀስቱ እዚህ፣ መብራቱ እዚያ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን ከአሁኑ ልንገርህ። ያደግኩት ጴንጤ ቤት ነው፣ አጋንንት ሲጮህ ሲወጣ በዓይኔ እያየሁ ማለት ነው፣ ያኔም ቢሆን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ በቁንጥጫ ጭኔን ስታጠቁረው ኖራለች። እዚህ አትላንታ መጥቼ ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራም፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ማታ ማታ የማይታይ ሰው ይራመዳል የሚሉ ልጆች ነበሩ፣ "አይጥ ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ" ነበር መልሴ። ስለዚህ ይህን የፈሪ ወሬ አድርገህ እንዳትሰማው፣ እመነኝ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔው ራሴ ምን ጠጥተህ ነው እለው ነበር።

የእህቴ የሰብለ ባል ዳዊት ይባላል። ታክሲ ነበር የሚነዳው፣ ታክሲው በስልክ አፕ ሊዋጥ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው፣ ሥራ ስለቀዘቀዘ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ቪዲዮ ያያል፣ አንድ ቀን የደጋን አደን አየና በቃ፣ አለቀለት። ደጋን ስልህ ያ ሽቦና ፑሊ የበዛበትን ዘመናዊውን እንዳይመስልህ፣ እንጨትና አውታር ብቻ፣ "ያኛውማ ማሽን ነው" ይላል አፉን አጣሞ። አትላንታ ዳር ስማይርና ያለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ መኪና መግባት ቀረ፣ ላባ፣ ሙጫ፣ ሞረድ፣ ቀስት በቀስት ሆነ። የሚያድነው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከርከሮ! የዱር አሳማ! እሱ የማይበላው፣ እህቴ የማትነካው፣ ቤት ይዞት ቢገባ ሐበሻ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታ የሚነፍጉት ነገር። "አትበላው፣ አትሸጠው፣ ምን አድርጎህ ነው?" ትለዋለች ሰብለ። እሱ ግን መልስ አለው፣ ከከተማ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ኦቾሎኒ የሚያመርት ሚስተር ኤርል የሚባል ሽማግሌ በታክሲው ተሳፍሮ ተዋውቀዋል፣ አሳማ ማሳውን እየገለበጠ አስለቅሶታል፣ ሥጋውን ሽማግሌው ይወስዳል፣ ዳዊት ደግሞ ደስታውን ይወስዳል።

እኔ የምኖረው በከተማው ሌላ ዳር፣ ፓይን ሌክ ነው፣ እሑድ እሑድ ለምሳ ስማይርና እሄዳለሁ፣ ምሳው ግን ሰበብ ነው፣ ገና በሩን ሳልፍ ይዞኝ ጋራዥ ይገባል። "ታሜ፣ አሳማ አጋዘን አይደለም" ይጀምራል፣ "ትከሻው ላይ ያለው ቆዳ እንደ ጎማ የደነደነ ነው፣ ቀላል ቀስት ፈጥኖ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎም ይሄዳል፣ ግን እዚያ ቆዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከባዱ ይዘገያል፣ ቅርብ መሆን አለብህ፣ ከገባ ግን በዚያኛው ጎን ወጥቶ መሬት ነው የሚሰካው።" የዘንጉ ጫፍ ውስጥ ነሐስ ጨምሮ ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣል፣ ስለቱ ሁለት አፍ ያለው ነው፣ የክንዱን ፀጉር እስኪላጭ ይሞርደዋል፣ ግራ ክንዱ እንደ ሕፃን ክንድ ለስልሶ ነበር። ላባው የቱርክ ዶሮ ነው፣ ፕላስቲኩ እንጨቱን ሲነካ ቀስቱን ከመንገዱ ያስወጣዋል ይላል። ሁሉንም በሚዛን ለክቶ፣ ግሬን በሚሉት የቀስት መለኪያ ስድስት መቶ ሃምሳ ሲመጣለት የሎተሪ ዲቪ የደረሰው ቀን እንደዚያ የተደሰተ አይመስለኝም። ስድስት መቶ ሃምሳ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ፣ ቁጥሯን በእንቅልፌም የማውቃት ሆንኩ።

አንድ ነገር ግን እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ እሱን ልሸሽ አልችልም። ቀስቱ ጭራ ላይ አውታሩን የምትነክስ ትንሽ ፕላስቲክ አለች፣ ኖክ ይሏታል፣ መብራት ያላትም ትሸጣለች፣ ቀስቱ ሲለቀቅ ቀይ ትበራለች፣ በእጅህ ካላጠፋሃት አትጠፋም። ይሄን ግዛ አልኩት። "በእንጨት ደጋን ላይ የቻይና መጫወቻ?" ብሎ ሊሞት፣ "ጭራው ይከብዳል፣ ሚዛኑ ይበላሻል፣ ሰው ይስቅብኛል!" ሲል፣ "አመሻሽ ላይ ያ ምላጭህ ሣር ውስጥ ቢጠፋ ማን ሊረግጠው ነው?" አልኩት። ሰብለ ያኔ ስምንተኛ ወሯ ነበር፣ ሆዷን ይዛ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። "መብራቱን አድርግ፣ አለዚያ ንቅንቅ አትላትም" አለችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ታሜ፣ አደራህን፣ ጨዋታ አይምሰልህ፣ እንደወሰድከው መልስልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት፣ በቀላሉ ነው ያልኳት፣ አሳማ ነዋ፣ ምን ይመጣል ብዬ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሄድን። ሚስተር ኤርል ማሳውን አሳየን፣ ከማሳው ወዲያ ጥድ አለ፣ ከጥዱ ወዲያ ረግረግ ነው። "ከወጋችሁት በኋላ ቸኩላችሁ አትከተሉት፣ ቁጭ በሉ፣ ራሱ ይወድቃል" ብሎን ቤቱ ገባ። መኪናዬን ማሳው ጥግ ፓርክ አድርጌ አንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ተደበቅን። ፀሐይዋ ስትገባ ጓጉንቸሩ ጩኸቱን አቀለጠው፣ ትንኙ ጆሮዬን በላው፣ ልንሄድ ነው ስል ዳዊት ጉልበቴን ጫን አደረገኝ። አንድ አሳማ ብቻውን ከጥዱ ወጣ፣ ትልቅ ነው፣ ጥቁር፣ ሌላ ጊዜ እያጉረመረሙ በመንጋ ነው የሚመጡት ብሎኝ ነበር፣ ይሄ ድምፅ የለውም፣ ማሳው መሃል መጥቶ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ፣ አይበላ፣ አይቆፍር፣ ቆመ ብቻ።

ዳዊት ሳበና ለቀቀ። ቀይ መስመር አየሁ፣ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አሳማው ተወርውሮ ጥዱ ውስጥ ገባ፣ ቀይዋ መብራትም አብራው ስትሮጥ በዛፎቹ መሃል ብልጭ ድርግም እያለች አየናት፣ ሁለታችንም አየናት። ዳዊት ደስ ሊለው ሲገባ ራሱን ያዘ። "አላለፈም! ውስጡ ቀርቷል!" አለ በሹክሹክታ፣ "ይሄን ሁሉ ክብደት ይዤ እንዴት አያልፍም?" አባቱን የሰደቡት ነው የሚመስለው። መብራቷ ሩቅ ሳትሄድ ቆመች። ወደቀ ብለን ስንጠብቅ፣ ወገኔ፣ መብራቷ ከፍ አለች። የአሳማ ጎን ወገቤ አይደርስም፣ እሷ የሰው ደረት ጋ ነበረች። "ዳዊት፣ ከፍታዋን እያት" አልኩት። "ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው" አለኝ። ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ እንደገና ትንሽ ሄደች፣ የሚጠብቀን ሰው አካሄድ ነው የነበረው።

"ቁጭ እንበል፣ ሽማግሌው ምን አለን?" ስለው፣ "ቆስሏል፣ ሲሠቃይ ላየው አልችልም፣ አንተ አሳማው የቆመበት ቦታ ሄደህ ደሙን ፈልግ፣ ምልክት ያዝልኝ" አለኝና ደጋኑን ይዞ ጎንበስ ብሎ ገባ። እኔ በእጅ ባትሪ ማሳው መሃል ሄድኩ። ደም አለ፣ ብዙ ነው፣ በሁለቱም በኩል የተረጨ። ከደሙ ወዲያ ሣሩ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ገለጥ ሳደርገው ቀይ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀስቱ ነው። መሬቱ ውስጥ እስከ ላባው ድረስ ተሰክቷል፣ ላባው በደም ተጣብቋል፣ ጭራው ላይ መብራቷ በርታለች። አልፏል ማለት ነው፣ ልክ እሱ እንደሚለው በዚያኛው ጎን ወጥቶ መሬት ተሰክቷል። አንድ ቀስት ነው የተወረወረው፣ መብራት ያላትም እሷ ብቻ ናት። ቀና ብዬ ጥዱን አየሁ፣ ቀይዋ መብራት አሁንም እዚያ እየሄደች ነው።

"ዳዊት! ተመለስ! ቀስቱ እዚህ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አቤት!" አለኝ ከግራ በኩል፣ ከረግረጉ፣ የእሱ ድምፅ ነው፣ እፎይ አልኩ። ከዚያ "አቤት!" አለኝ ከቀኝ በኩል። ያው ድምፅ፣ ያው ዳዊት። ገደል ማሚቶ ነው ልትለኝ ነው አይደል? እኔም ራሴን እንደዚያ ነበር ያታለልኩት፣ ግን ሜዳ ላይ ነው ያለሁት፣ ምን ገደል አለ? ደግሞ ሁለተኛ ስጠራው የቀኙ ቀድሞ መለሰ፣ ቀረብ ብሎም ነበር። ጓጉንቸሩ ፀጥ ማለቱን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "ዳዊት! የቀስትህ ክብደት ስንት ነው?" አልኩ። "ስድስት መቶ ሃምሳ! ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?" አለ የግራው፣ ተናዶ። እሱ ነው ብዬ አንድ እርምጃ ሳነሣ፣ የቀኙ ትንፋሽ ያህል ቆየና፣ "ስድስት መቶ ሃምሳ! ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?" አለ፣ ንዴቱም እንኳ አልቀረችም። ኢየሱስ! ያ ሁሉ ስቄበት ያደግኩት ስም ሳላስበው ከአፌ ወጣ። የእህቴ ሆድ ነው የታየኝ፣ ወደ አንዱ ብሄድ ሌላው ቢሆንስ? መምረጥ አልቻልኩም፣ እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ፈራሁ፣ ወደ መኪናው ሮጥኩ፣ መብራቱን ሁሉ አበራሁና ክላክሱን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ሰው ከሆነ ወደ ክላክስ ይመጣል ብዬ ነው።

መጣ። ከጥዱ መሃል ወጣ፣ እስከ ወገቡ በስብሷል፣ ደጋኑ እጁ ላይ የለም፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ገብቶ በሩን ቆለፈና፣ "ከፊቴ እየሄድክ አልነበር እንዴ?" አለኝ።

"እኔ?"

"ቀስቱን ይዘህ፣ ጀርባህን ሰጥተኸኝ፣ በእጅህ ና፣ ና ስትለኝ አልነበር? ክላክሱ ከኋላዬ ሲጮህ ነው የቆምኩት፣ ታሜ እዚህ እያለ ማነው የሚያጮኸው ብዬ።"

መኪናዋን አስነሥቼ ዞርኩ። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር። ከማሳው ልንወጣ ስንል ከኋላችን፣ ከረግረጉ፣ "አቤት!" የሚል ተሰማ፣ ጥርት ያለ፣ አሁንም ለእኔ ጥሪ የሚመልስ። ዳዊት አጠገቤ ነው፣ አፉን ገጥሟል። እጁን ሰደደና መስኮቱን ዘጋው። አትላንታ እስክንገባ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ለሰብለ እንዳትነግራት።"

ልጅቷ ተወለደች፣ ቆንጆ ልጅ ናት፣ ዳዊትም ሸጋ አባት ሆነ፣ ዳይፐር ይቀይራል፣ ሌሊት ይነሣል። ሙጫውን፣ ሞረዱን፣ ያን ሁሉ ላባ ጠራርጎ አስወጣው፣ መኪና ጋራዥ መግባት ጀመረች። እህቴ "ምን አድርገህልኝ ነው የመጣኸው፣ ተባረክ!" እያለች ትስመኛለች። እኔ ግን ዓይኔ አያርፍም። ድሮ አክስቱ ዘንድ ስላደገ ትልቅም ትንሽም ሲጠራው አቤት ነበር መልሱ፣ አሁን ሰብለ ስትጠራው በእንግሊዝኛ "ያ?" ይላል፣ እሷ "ገና አሁን አሜሪካ ገባ" ብላ ትስቃለች፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ "ያ ቀስትህ ስንት ነበር የሚመዝነው?" አልኩት። "የቱ ቀስት?" አለኝ። ሊረሳው ፈልጎ ነው እላለሁ፣ ደንግጦ ነው እላለሁ፣ እኔስ ብሆን መች ማስታወስ እፈልጋለሁ?

ባለፈው ጊዜ እነሱ ቤት ምሳ እየበላን ስልኬ ጮኸ፣ ሚስተር ኤርል ነው። "ጓደኛህ ሳይነግረኝ ማደን ጀመረ እንዴ? መኪናውን አላየሁም" አለኝ።

"ኧረ እሱ አደን ትቷል" አልኩት።

"ታዲያ ረግረጉ ውስጥ ያለው ማነው? አመሻሽ ላይ ውሻዬን ስጣራ ከዚያ ውስጥ ይመልስልኛል። የእናንተ ቋንቋ ነው መሰለኝ፣ ያኔ ስታወሩ የሰማሁት ዓይነት ነው። አቤት፣ አቤት ይላል። ምን ማለት ነው?"

ሰው ሲጠራን የምንለው ነው፣ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ እንደ ማለት ነው አልኩት።

"እንግዲያ ጠርታችሁት ነው የቀራችሁት" አለኝ፣ "ምነው ልጄ፣ መጥታችሁ ውሰዱት እንጂ።"

ዳዊት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋታል። "ማነው?" አለኝ። "ተሳስተው ነው" አልኩት። ሰብለ ልጨምርልህ እያለች ሳህኔ ላይ ወጥ ታወጣለች፣ እሱ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ ልጅቷን መታ መታ ማድረጉን ቀጠለ። እስካሁን ወደ ረግረጉ አልሄድኩም።